ሐኪምና አበባ፤ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የተክልን መልክ በፎቶግራፍ ስለ መያዝ



ሐኪም በበሽተኛ ፊት በቀረበ ጊዜ መድኃኒት ከመስጠቱ አስቀድሞ ያያል። የዓይኑን ቀለም፣ የምላሱን መልክ፣ የቆዳውን ሁኔታ ይመረምራል፤ ሕመሙ ከመቼ እንደ ጀመረ ይጠይቃል፤ ያየውንና የሰማውንም በጽሕፈት ያኖራል። ተክልን በፎቶግራፍ በሚገባ የሚያነሣ ሰውም ሥራው ይኸው ነው። ስለዚህ ከሐኪሞች መካከል ተራራንና አበባን ፎቶግራፍ የማንሣት ፍቅር ያደረባቸው ሰዎች መገኘታቸው አያስደንቅም።

በቀድሞ ዘመን መድኃኒት የሚወጣው አብዛኛውን ከቅጠልና ከሥር ስለ ነበረ፣ ሐኪም ተክል ዐዋቂ እንዲሆን ግድ ነበር። ለተክል ሁሉ ሁለት ቃል ያለው የላቲን ስም የመስጠትን ሥርዐት ያጸናው ስዊድናዊው ሊኔዎስ (1707–1778) ሐኪም ነበር። ወደ ኢትዮጵያም በ1839 በኤውሮጳ አቈጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) ለፌቭር የሚባል ፈረንሳዊ መኰንን በመራው ጉዞ ሁለት ሐኪሞች መጡ፤ ስማቸውም ካርታን ዲሎንና ፔቲ ይባላል። በዚያው ዓመት በፓሪስ ከተማ ዳጌር በብር በተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ላይ የብርሃንን ሥዕል የሚይዝበት ጥበብ ለዓለም ተገለጠ። ሁለቱ ሐኪሞች ግን በእጃቸው የነበረው የቈየው ዘዴ፣ ማለት ተክሉን በወረቀት መካከል አድርጎ ማድረቅ ነበር። ካርታን ዲሎን በ1840 በንዳድ ሞተ፤ ፔቲንም በ1843 ዓባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። የሰበሰቡት ተክል ግን ፓሪስ ደረሰ፤ አሺል ሪሻር የተባለውም ሊቅ ስለ ሐበሻ አገር ተክሎች የሚናገር ትልቅ መጽሐፍ በእርሱ ላይ ተመሥርቶ ጻፈ። ይሁን እንጂ የደረቀ ተክል ቅርጹን ይዞ ይኖራል እንጂ ቀለሙ ይጠፋል፤ የበቀለበት ሜዳም አይታይበትም።

ይህን ጕድለት ካሜራ እንደሚሞላ ቀድመው ከተረዱት አንዱ ጆን ኪርክ ነበር። ይህ ስኮትላንዳዊ ሐኪም በ1858 ከሊቪንግስቶን ጋራ ሐኪምና ተክል ሰብሳቢ ሆኖ ወደ ዛምቤዚ ወንዝ በወረደ ጊዜ የፎቶግራፍ መሣሪያውን ይዞ ሄደ፤ በ1859 ያነሣው የባኦባብ ዛፍ ሥዕል እስከ ዛሬ ይታያል። በ1860 ግን ታንኳው በፏፏቴ ተገልብጦ ብዙ ማስታወሻና በእጁ የሣላቸው የተክል ሥዕሎች ውኃ በላቸው። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ሰው የሚደርስበት ይህ ነው።

በዚያ ዘመን ብዙ ጊዜ የሚሠራበት የፎቶግራፍ መስተዋት በመድኃኒት ተቀብቶ እርጥብ ሳለ መነሣትና መታጠብ ነበረበት፤ ተራራ የሚወጣ ሰውም የጨለማ ድንኳንና ጠርሙሶች በጭነት ማስከተል ግድ ይሆንበት ነበር። ከዚህ ድካም ዓለምን ያሳረፈው ደግሞ ሐኪም ነው። ሪቻርድ ሊች ማዶክስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በማጕሊያ የሚታዩ ጥቃቅን ነገሮችን ፎቶግራፍ ሲያነሣ የመድኃኒቱ የኤተር ሽታ ጤናውን ጐዳው። ስለዚህ ሌላ መንገድ ፈልጎ፣ ከከብት ቆዳና ዐጥንት በሚወጣው ጄላቲን ደረቅ ሰሌዳ ማዘጋጀት እንደሚቻል በ1871 ጽፎ አሳተመ፤ ባለመብትነትንም ሳይጠይቅ ለሁሉ ተወው። ከዚያ ወዲያ ሰሌዳውን በኪስ ይዞ ዳገት መውጣት ተቻለ። ዛሬ ካሜራ በስልክ ውስጥ ስላለ ጭነቱ ከነአካቴው ቀርቷል፤ የቀረው የማየት ትዕግሥት ብቻ ነው፤ እርሱም በገበያ አይሸጥም።

ይህ ጥበብ በአገር ቤት ምን ሊሠራ እንደሚችል ለማየት ከአዲስ አበባ ብዙ መራቅ አያስፈልግም። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታም ከእንጦጦ ወዲያ በጎጃም መንገድ ይገኛሉ። ሦስቱም በ2015 በኢትዮጵያ አቈጣጠር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል። ትናንት ሣርና እህል የነበረበት መሬት ቤት፣ ፋብሪካና መንገድ እየሆነ ነው። ሰው መጠለያና ሥራ ስለሚያስፈልገው ይህ አይነቀፍም፤ ነገር ግን ከመሠራቱ በፊት በቦታው ምን እንደ በቀለ የሚመሰክር ሥዕል ከሌለ፣ ኋላ የሚመጣ ልጅ ለአባቱ አነጋገር ማስረጃ አያገኝም።

በመስከረም አንድ ሐኪም የሳምንቱን ሥራ ጨርሶ ወደ ሱሉልታ ቢወጣ፣ በክረምት ውኃ የሚተኛበት ሜዳ ጧት ጉም ለብሶ ያገኘዋል፤ በዳሩም ኦሮሞዎች ኬሎ የሚሉት ዐደይ አበባ ፈክቶ ይታያል። በቡራዩ በኩል አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውኃ ከፊሉ የሚጠራቀምበት ገፈርሳ አለ፤ በየዓመቱ በአንድ ወርና በአንድ ቦታ ቆሞ የውኃውን ዳር ማንሣት፣ የበሽተኛን ሙቀት በየቀኑ እንደ መመዝገብ ይቈጠራል።

ብዙ የሚታየው ግን በሰበታ በኩል ነው። ከ3300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በወጨጫ ተራራ ጥግ የመናገሻ ሱባ ደን አለ፤ ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉበት ተብሎ ይነገራል። ከታች ጥድ (በኦሮምኛ ጋቲራ) እና ዝግባ፣ ወደ ላይ ኮሶ፣ ከዚያም ብጫ አበባ ያለው አሜጃ ይገኛል። በዚሁ በሰበታ ዙሪያ ወደ ውጭ አገር የሚላክ ጽጌረዳ በላስቲክ ቤት ውስጥ ይበቅላል፤ ከሰሐራ በረሃ በስተደቡብ ባለው አፍሪቃ ብቸኛዋ የተፈጥሮ ጽጌረዳ ቀጋ ግን በአጥር ሥር ያለ ማንም ጠባቂ ነጭ አበባዋን ታወጣለች።

ኮሶን (በኦሮምኛ ሄጦ) ማንሣት የሚወድ ሁሉ አንድ ነገር ይወቅ። ሴቴና ወንዴው በልዩ ልዩ ዛፍ ላይ ነው የሚያብቡት፤ የሴቴው አበባ ወደ ቀይ፣ የወንዴው ወደ ነጭና ብጫ ያደላል። አባቶች ለትል መድኃኒት የለዩት ሴቴውን ነው። መጠኑ ያለፈ እንደ ሆነ ግን ሰውነትን ይጐዳል፤ ዓይንንም ያሳወረበት ጊዜ አለ። ስለዚህ «የኮሶ ሥዕል» ብሎ የትኛው ዛፍ እንደ ሆነ ሳይጽፍ የሚያኖር ሰው ግማሽ ሥራ ሠርቷል።

ከዚህ የባሰ ጕዳይ በየመንገዱ ዳርና በየቤቱ ጓሮ የሚበቅለው አስተናግር ነው። አበባው እንደ መለከት የረዘመ፣ ነጭና እጅግ ያማረ ነው፤ ፍሬው እሾኻም፣ ዘሩ ጥቍር ነው። ዘሩን የበላ ልጅ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ አፉ ይደርቃል፣ ቆዳው ይግላል፣ ልቡ ይፈጥናል፤ ከዚያም የሌለውን ነገር እያየ ይለፈልፋል። ስም ያወጡለት ሰዎች ይህን ሳያዩ «አስተናግር» አላሉትም። ሐኪም በእንዲህ ያለ ልጅ ፊት ሲቆም አንዱ ጥያቄው «ምን በላ?» የሚል ነው። ወላጅም «አንድ ቅጠል» ከማለት በቀር ሌላ ካላወቀ ጊዜ ይጠፋል። የትምህርት ቤቱ ግድግዳ የቀበሌውን መርዛም ተክሎች ፎቶግራፍ ከነስማቸው ቢይዝ፣ ልጁም አስቀድሞ ይጠነቀቃል፤ ወላጁም ጣቱን ሥዕሉ ላይ አድርጎ ለሐኪሙ ይናገራል። ልጁ ታሞ ሳለ ግን ፎቶግራፍ ለማንሣት መቈየት አይገባም፤ እርሱ ወደ ጤና ጣቢያ ይሮጣል፣ የተክሉን ቍራጭ ሌላ ሰው ተከትሎ ያመጣል።

የማንሣቱ ሥርዐት አይከብድም። ብርሃኑ ለስላሳ የሚሆነው ከጧቱ 3 ሰዓት በፊትና ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ነው። ተክሉ ሳይነቀል፣ መጀመሪያ ከነበቀለበት ቦታ ሙሉው ይነሣ፤ ቀጥሎ ቅጠሉ በፊትና በጀርባ፣ አበባው በፊትና በጎን፣ ፍሬውም ካለ ፍሬው። መጠኑ እንዲታወቅ በአጠገቡ ማስመሪያ ወይም እርሳስ ይቀመጥ። ቀኑ፣ ቦታው፣ በአማርኛና በኦሮምኛ የሚጠራበት ስም፣ ስሙን የነገሩት ሽማግሌም ይጻፍ። ሁለት ቅጂ ይደረግ፤ የኪርክ ታንኳ አይረሳ። የባለ መሬቱ ፈቃድ ሳይጠየቅ አጥር አይታለፍ።

በሱሉልታ ሜዳ ከብት የሚግጠው ማገጥ ለዚህ ሥራ ጥሩ መለማመጃ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ብዙ ዓይነት ማገጥ አለ፤ ቆሞ ለሚያየው ሁሉም አንድ ይመስላል። ተንበርክኮ ቅጠሉን ለሚቈጥርና የአበባውን ራስ በቅርብ ለሚያነሣ ግን ይለያል። ከነዚህ ከደጋው ማገጦች መካከል ሪሻር በላቲን የሰየማቸው ሁለት ዓይነቶች አሉ፤ አንዱ በካርታን ዲሎን ስም፣ ሁለተኛው አዞ በወሰደው በፔቲ ስም ይጠራል።