ለፍርስራሽ የወጣ ገንዘብ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበሩ ጸሐፊ ስለ ጉዟችን እንድንናገር በጠየቀን ጊዜ ያመነታነው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሁለታችን ስንጋባ ለድግስ ካጠራቀምነው ገንዘብ የሚበዛውን ይዘን፣ በደቡብ አሜሪካ በፔሩ አገር በተራራ ላይ ያለውን የማቹ ፒቹን ፍርስራሽ ለማየት መሄዳችንን የሰሙ ዘመዶቻችን እስከ ዛሬ ይቅር አላሉንም። ይልቁንም አንዲት አክስታችን፣ «ልጆቼ፣ ድንኳን ሳይተከል፣ ሰው ሳይበላ ሳይጠጣ፣ የፈረሰ ቤት ለማየት ባሕር ተሻገራችሁ? የፈረሰ ቤት እዚህ መች ጠፋ!» ብለውናል። በዚያን ጊዜ የምንመልሰው አልነበረንም። ዛሬ የምንናገረው ለእሳቸው መልስ ይሆን ዘንድ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ከእኛ አንዳችን ለአጭር ትምህርት ወደ ብራዚል ተልኮ ስለ ነበረ፣ ከኪሳችን የከፈልነው የአንድ ሰው የአውሮፕላን ዋጋ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ አውቶቡስ እየቀያየርን አገር አቋርጠን፣ የኢንካ ነገሥታት ዋና ከተማ ወደ ነበረችው ወደ ኩስኮ ደረስን። ኩስኮ ከባሕር ወለል በላይ 3,400 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። እኛ ግን ደጋ ያደግን ነን ብለን ተመክተን ስለ ነበረ ከፍታውን ከቁም ነገር አልቆጠርነውም፤ የመጀመሪያውን ሌሊት ራሳችንን ይዘን ስናቃስት አደርን።

ከኩስኮ ወደ ፍርስራሹ የሚወስደው የተመቸ መንገድ ባቡር ነው። ዋጋውን ጠይቀን፣ ቦርሳችንን ተመልክተን፣ ተውነው። በእሱ ፈንታ ከ4,300 ሜትር በላይ በሆነ የተራራ በር የሚያልፍ ትንሽ አውቶቡስ ተሳፍረን፣ ከስድስት ሰዓት በላይ ተጉዘን የኤሌክትሪክ ማመንጫ ካለበት ጣቢያ ወረድን። ከዚያ በኋላ የመኪና መንገድ የለም፤ የኡሩባምባን ወንዝ እየተከተሉ በባቡሩ ሐዲድ ዳር 10 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር መሄድ ነው።

ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ዝናብ ጣለ። ጫማችን ውሃ ቋጠረ፣ ዕቃችን ከበደ። በዚህ ላይ ባቡሩ መብራቱን አብርቶ በአጠገባችን አለፈ፤ መንገደኞቹም በመስተዋት ውስጥ ሆነው አዩን። ከእኛ አንዳችን፣ «ድግሱንም አጣን፣ ባቡሩንም አጣን» አለ። ማን እንደ ተናገረው ለዚህ ጉባኤ አንገልጽም። ሌላው አልመለሰም፤ ብዙ መንገድም ሳንነጋገር ሄድን። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያች ሰዓት ሁለታችንም አክስታችን ልክ ናቸው ብለን ነበር።

ከአንድ የቆርቆሮ ጥላ ሥር ስንጠለል፣ እዚያ የተቀመጡ አንዲት እናት ካንቻ የሚሉትን ሸጡልን። ካንቻ ማለት የተቆላ በቆሎ ነው፤ እኛ ቆሎ የምንለው። ቆሎ ከአንድ እፍኝ እየዘገኑ ተኳርፎ መቀመጥ እንደማይቻል እናንተም ታውቃላችሁ። እየሳቅን ተነሣን።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ የድንጋዩን ደረጃ በእግራችን ወጣን፤ ለያንዳንዳችንም 152 ሶል የመግቢያ ከፍለን ገባን። ቦታው 2,430 ሜትር ከፍታ አለው፤ ከአዲስ አበባ ከፍታ ብዙ ስለማይርቅ እንደ ቤታችን ተነፈስን። ከተማውን ያሠራው በ15ኛው ምዕት ዓመት የነገሠው ፓቻኩቲ እንደ ሆነ ይነገራል። የብረት መሣሪያ ሳይኖራቸው፣ ጋሪ ሳያውቁ፣ ድንጋዩን በድንጋይ ጠርበው፣ ምርጥ ምርጡን ግድግዳ ያለ ኖራና ያለ ጭቃ አጋጥመውታል፤ በመጋጠሚያው ቢላዋ አይገባም።

ዝናቡ አላቆመም ነበር። ከሌሎች መንገደኞች ጋር ገንዘብ አዋጥተን የቀጠርነው አስጎብኚ ግን፣ «ወደ ላይ መመልከቱን ተዉና እግራችሁ ሥር ተመልከቱ፤ የቆመ ውሃ ታያላችሁን?» አለን። ብንፈልግ አጣን። በዚያ ተራራ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይወርዳል። ቁልቁለቱም መሬት የሚንሸራተትበት ነው። ስለዚህ ሠራተኞቹ ግድግዳ ከማቆማቸው በፊት መሬቱን ሠሩት። በያንዳንዱ እርከን ሥር ትልልቅ ድንጋይ፣ ከዚያ በላይ ጠጠር፣ ከዚያ አሸዋ፣ ከላይ ለም አፈር አለበሱበት፤ ውሃው ሳይሸረሽር እየሰረገ እንዲወርድ ነው። ንጹሑን የምንጭ ውሃ ደግሞ 749 ሜትር ርዝመት ባለው ቦይ አምጥተው ለ16 ፏፏቴዎች አከፋፈሉት። ቦታውን ያጠኑ መሐንዲሶች ከጠቅላላው ሥራ 60 ከመቶ የሚሆነው ከመሬት በታች እንደ ሆነ ገምተዋል። ጣሪያው ሣር ስለ ነበረ ጠፍቷል፤ ከተማው ግን ከ500 ዓመት በላይ ያልተናደው ማንም ፎቶግራፍ በማያነሣው በዚያ ሥራ ነው።

ያልታየው ሥራ ብቻ አይደለም፤ ያልታዩ ሰዎችም አሉ። ብዙ መጻሕፍት ከተማውን «ያገኘው» አሜሪካዊው ሂራም ቢንገም ነው ይላሉ። ነገር ግን በሐምሌ 1911 ቢንገምን እየመራ ያወጣው የአካባቢው ገበሬ ሜልቾር አርቴያጋ ነው። ከላይ ሲደርሱም በጥንቱ እርከን ላይ የሚያርሱ ቤተ ሰቦች ተቀብለው ውሃና የተቀቀለ ስኳር ድንች ሰጧቸው፤ በፍርስራሹ ውስጥ የመራውም አንድ ትንሽ ልጅ ነበር። ሰው የሚያርስበት አገር ጠፍቶ ነበር ለማለት እንዴት ይቻላል? ከዚያ ተቆፍሮ ወደ ዬል ዩኒቨርሲቲ የሄደው ዕቃ ከብዙ ክርክር በኋላ በ2011 እና በ2012 ተመልሶ፣ ኩስኮ በሚገኘው የሳን አንቶኒዮ አባድ ዩኒቨርሲቲ እጅ ገብቷል። ዕቃውን ቆመን ስናይ የትዝታችን ነገር ወደ አገራችን መለሰን፤ በ1868 ከመቅደላ አምባ ከተጫነው ብዙው ዛሬም በእንግሊዝ አገር አለ፤ የአክሱም ሐውልት ግን በ2005 ከሮም ተመልሷል። የዕቃ መመለስም ስማቸው ሳይነሣ በሚደክሙ ሰዎች የሚከናወን ሥራ ነው።

እንግዲህ ለአክስታችን የምንመልሰው ይህ ነው። እርስዎ ያሉት ድንኳን የሚታየው ነው፤ የሚታየውም መልካም ነው፤ አንንቀውም። ዳሩ ግን ድንኳኑ በማግሥቱ ይነቀላል። በዚያ ሐዲድ ዳር በዝናብ ተኳርፈን፣ ከአንድ እፍኝ ቆሎ ቆጥረን ስንታረቅ፣ ድንጋዩንና ጠጠሩን ከሥር ያነጠፍን ይመስለናል። ቤታችን ይቆም አይቆም ዝናቡ ሲመጣ ይታወቃል።

እናንተም ባልንጀሮቻችን፣ ይህን ጋዜጣ ሌሊት በማባዣ መኪና እያዞረ ጣቱን በቀለም የሚያጠቁረውን ጓደኛችሁን ስሙን ጠይቁት። እኛም ለአክስታችን አንድ እሑድ ምሳ ጠርተናቸዋል፤ ድንኳን የለም፤ ቆሎ ግን አለ። እንደሚመጡ ገና አልነገሩንም።