ስለ ማክሲሙስ ዝና

ክቡራን መምህራን፣ ክቡራን ወላጆች፣ እናንተም የዛሬው ዕለት ባለቤቶች የታሪክ ትምህርት ምሩቃን፤

በእንዲህ ያለ ጉባኤ ስለ ደጋግ ነገሥታት መናገር ልማድ ሆኖ ሳለ፣ እኔ ዙፋን በሰይፍ የነጠቀውን ማግኑስ ማክሲሙስን ሳነሣ፣ እንግዳው ምን ነካው እንዳትሉኝ እለምናለሁ። ይህ እስጳንያ የተወለደ የጦር አለቃ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ383 ዓ.ም. በብሪታንያ የሰፈረው ሠራዊት ቄሣር ብሎ ካነገሠው በኋላ ባሕር ተሻግሮ ወደ ጋሊያ ዘመተ፤ ሕጋዊው ንጉሥ ግራትያኖስም ወታደሮቹ ከድተውት ሲሸሽ በሊዮን ተገደለ።

ማክሲሙስ በትሪየር ተቀምጦ ሲገዛ፣ በደም ያገኘውን መንበር በሃይማኖት ቅንዓት ሊያጸና አስቦ ይመስለኛል፣ በመናፍቅነት የተወነጀለውን የአቪላን ኤጲስ ቆጶስ ጵሪስኪሊያኖስን በጥንቆላ አስከስሶ አስገደለው። የቱሩ ቅዱስ ማርቲኖስ ደም እንዳይፈስ አስቀድሞ ተማልዶ፣ ንጉሡም እሺ ብሎት ነበር፤ ቅዱሱ ከከተማው እንደ ወጣ ግን ቃሉን አጠፈ። የሚላኖው አምብሮስዮስም ከከሳሾቹ ጳጳሳት ጋር በቁርባን ሳይተባበር ቀረ። እንዲህ አድርጎ፣ ሊመሰገንበት የሠራው ሥራ ነውር ሆነበት፤ በ388 ዓ.ም. ደግሞ ቴዎዶስዮስ ድል ነሥቶት በአኲሌያ ተገደለ።

የሮማ ነገር እዚህ ላይ ሲያበቃ የዌልስ ይጀምራል። በ9ኛው መቶ ዓመት የፖዊስ ንጉሥ ኪንገን ለቅድመ አያቱ ለኤሊሴግ ባቆመው ሐውልት ላይ የዘር ሐረጉን ሲያስቀርጽ፣ የሮማ ጸሐፊዎች ስሟን እንኳ ወደማይጠቅሱት ወደ ማክሲሙስ ልጅ ወደ ሴቪራ አደረሰው፤ አባቷንም የሮማውያንን ንጉሥ የገደለ ንጉሥ ብሎ አከበረው። ልብ በሉልኝ፤ በሮም ዓመፅ የተባለው ያው ግድያ በፖዊስ ቤተ መንግሥት ማዕርግ ሆነ። ዌልሳውያን ማክሰን እያሉ በተረት አቈይተውት፣ ዛሬ በእግር ኳስ ሜዳ ሳይቀር ስሙን በዘፈን ያነሣሉ፤ ምን ዓይነት ቄሣር እንዲህ ያለ ዕድል አግኝቷል?

ሐውልቱን ለማየት የሚሄድ ሰው ግን ይህን ሁሉ አያነብበውም፤ ነፋስና ዝናም ፊደሉን አጥፍተውታልና። የምናውቀው፣ ኤድዋርድ ልዊድ የተባለ ሊቅ በ1696 ዓ.ም. ከዚያ የተሰበረ ድንጋይ ላይ ሊነበብ የቻለውን ሁሉ መሥመር በመሥመር ስለ ገለበጠ ነው፤ ለእኔ ከማክሲሙስ ይልቅ ይህ ሰው ያስቀናኛል።

እናንተም ስማችሁ እስኪጠራ እየጠበቃችሁ ነውና፣ መድረኩን ለክቡር ዲኑ እመልሳለሁ።