ስለ አቮካዶ ዝርያ አመራረጥ
ለቃሊቲ ገበሬዎችና የልማት ሠራተኞች የተሰጠ ንግግር



አንድ ሰው በጓሮው አቮካዶ ተክሎ፥ ውኃ እያጠጣ ፍግም እያለበሰ ለብዙ ዓመት ካሳደገ በኋላ፥ ዛፉ አበባ እንጂ ፍሬ አልሰጥ ሲለው «ይህ መካን ነው፤ ይቆረጥ» ይላል። ምሳሩን ከማንሣቱ በፊት ግን ዛፉ ጓደኛ ያለው መሆኑን መመርመር ይገባዋል።

የአቮካዶ አበባ ሴቴም ወንዴም ነው፤ ነገር ግን ሁለቱ ጠባዮቹ በአንድ ሰዓት አይሠሩም። እያንዳንዱ አበባ ሁለት ጊዜ ይከፈታል፤ መጀመሪያ ሴቴ ሆኖ፥ በማግሥቱ ደግሞ ወንዴ ሆኖ።

ዝርያዎቹም ሁለት ወገን ናቸው። የመጀመሪያው ወገን ጧት ሴቴ ሆኖ ይከፈትና በማግሥቱ ከቀትር በኋላ ወንዴ ይሆናል። ሐስ፥ ፒንከርተንና ሪድ ከዚህ ናቸው። ሁለተኛው ወገን ከቀትር በኋላ ሴቴ ሆኖ በማግሥቱ ጧት ወንዴ ይሆናል። ፉኤርቴ፥ ኤቲንገር፥ ቤከንና ናባል ከዚህ ይቆጠራሉ። ስለዚህ ከየወገኑ አንድ አንድ ዛፍ ቢኖር፥ አንዱ ሴቴ በሆነበት ሰዓት ሌላው ወንዴ ስለሚሆን ንብ ብናኙን ታደርስለታለች።

ብቻውን የቆመ ዛፍም፥ የአበቦቹ ሰዓት አልፎ አልፎ ስለሚገናኝ፥ ጥቂት ሊያፈራ ይችላል። ብርድም ሰዓቱን ያዛባዋል። ቃሊቲ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች ይህን ማሰብ ያስፈልጋል።

እንግዲህ የሚከተለውን አድርጉ።

1ኛ/ የተዳቀለ ችግኝ ትከሉ። ከፍሬ የበቀለ አቮካዶ የእናቱን ጠባይ አይጠብቅም፤ ለማፍራትም ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። የተዳቀለው ግን ብዙ ጊዜ በ3 ወይም በ4 ዓመት ይጀምራል። ችግኙን ስትገዙ የዝርያውን ስም ጠይቁ።

2ኛ/ ከሁለቱም ወገን አጣምሩ። ግቢው ጠባብ ከሆነ ከጎረቤት ጋር ተስማሙ፤ አንዳችሁ ሐስ፥ አንዳችሁ ኤቲንገር ትከሉ። ንብ አጥር አያግዳትም።

3ኛ/ ቆሞ የሚያብበውን ዛፍ ወገኑን ለዩ። ረፋድ ላይ አበባውን ተመልከቱ። በመካከሉ አንዲት ዘንግ ብቻዋን ቆማ ዙሪያዋን ያሉት ክሮች ወደ ውጭ ከተኙ ሴቴ ነው፤ ዛፉም ከመጀመሪያው ወገን ነው። ክሮቹ ቀጥ ብለው ብናኝ ካወጡ ወንዴ ነው፤ ዛፉም ከሁለተኛው ነው። ብርድ እንዳያሳስታችሁ ፀሐያማ በሆኑ ቀኖች ደጋግማችሁ እዩ። ከዚያም ከሌላው ወገን አንድ ቅርንጫፍ በባለሙያ እጅ ቢዳቀልበት ዛፉን መቁረጥ አያስፈልግም።

4ኛ/ ውኃ የሚቋጥር ጥቁር አፈር ሥሩን ያበሰብሰዋል። እንዲህ ባለ ሥፍራ አፈሩን ከፍ አድርጋችሁ ቆልሉና በላዩ ትከሉ፤ የክረምቱ ጎርፍ የሚያልፍበትም ቦይ አውጡ። ውርጭ የሚጥልበትን ዝቅተኛ ሥፍራም ተዉት።

5ኛ/ አበባ በሚያብብበት ወራት ፀረ ተባይ መድኃኒት አትርጩ፤ ንቦቹን ትጨርሳላችሁና።

አበባ ሲረግፍ አትደንግጡ፤ ከሺህ አበባ አንድ ሁለቱ ፍሬ ቢይዙ ለአንድ ትልቅ ዛፍ በቂ ነው። እናንተም የልማት ሠራተኞች፥ በመንደራችሁ ያሉትን ዛፎች ወገን በወገን መዝግቡ፤ ለሚተክለው ሰው የጎደለውን ወገን ለመንገር ይረዳችኋል።