ስንት አተረፍን?
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፤ አንበሳሜ)



ብዙዎቻችን በርበሬ፣ ሽሮና ቅቤ ወደ ሐሙሲትና ባሕር ዳር እናቀርባለን። «ስንት አተረፋችሁ?» ስንባል መልሳችን «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ምስጋናው ይገባል፤ ጥያቄው ግን አልተመለሰም።

የአንዲት አባላችንን ሒሳብ፣ ፈቅዳልን፣ እንመልከት። የ6,000 ብር ዛላ በርበሬ ገዝታ፣ ቀንጥሳ፣ ደልዛ፣ አስፈጭታ በ7,200 ብር ለአንድ ሆቴል አስረከበች። 1,200 አተረፍኩ ብላ ነበር። አብረን ቁጭ ብለን በስልኳ ኤክሴል ላይ ሞላነው፦ ቅመም 450፣ ወፍጮ 200፣ የመኪና 300። የቀራት 250 ብር፣ ያውም ለአራት ቀን ድካም። ዝም አለች። እኛም ዝም አልን፤ የብዙዎቻችን ሒሳብ እንደዚያው ነበርና።

ከዚያ የባሰው ዱቤው ነው። ሆቴሉ እስኪከፍላት ለሚቀጥለው ዙር ከዕቁቧ ታወጣ ነበር። ሥራው የቆመው በልጆቿ ገንዘብ ነበር ማለት ነው።

የእኛንም ስህተት እንናገር። መጀመሪያ ሃያ ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ሰጠናችሁ፤ በሁለት ሳምንት ሁሉም ተወው። አሁን አምስት ብቻ ነው፦ ቀን፣ ዕቃ፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ዱቤ። ቀኑን «ጥቅምት 30» ብለን በቃል እንጻፍ። በቁጥር 30/2 ብንል ኤክሴል በፈረንጅ አቆጣጠር የካቲት ወራቸው 30 ስለሌለው አይቀበለንም፤ 13ኛ ወር የሆነችውን ጳጉሜንንም አያውቃትም።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር ስላለ የክፍያው መልእክት በስልካችን ይቀራል፤ ማታ ከዚያ እንገልብጥ። በእጅ የተቀበልነውን ግን እዚያው እንጻፈው፤ ያልጻፍነውን ሶፍትዌር አይደምርልንም። ከሱቁ ወደ ጓዳ የገባውም ዘይትና ሽሮ ወጪ ነው። ስልኩ የባለቤቷ የሆነ እህት አምስቱን ዓምድ በደብተር ትያዝ፤ በስብሰባ ቀን በማኅበሩ ኮምፒውተር አብረን እናስገባለን።

ያቺ አባላችን ዛሬ ከሁለት እህቶች ጋር በአንድ መኪና ትጭናለች። የመኪናው 300 ብር ለሦስት ሲካፈል ለእሷ 100 ደረሰባት፤ ትርፏም 450 ሆነ። ሠንጠረዡን ለሆቴሉ አሳይታ ግማሹን በቅድሚያ መቀበል ጀምራለች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የምንለው ይኸው ነው።

ለሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዳችን የአንድ ዙር ሒሳብ ይዘን እንምጣ። ኪሳራ ቢሆንም አንፈርበት፤ የሚያሳፍረው አለማወቁ ነው።