የማዕድ ስሞችና የሥራ ቋንቋ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



አንዲት የቤት እመቤት ከጎተራ ያወጣችው አንድ ቁና ገብስ ማታ ላይ ብዙ ስም ይዞ ይገኛል። ምጣድ ላይ የተቆላው ቆሎ ይባላል፤ በድስት የነፈረው ንፍሮ ይሆናል፤ ተቆልቶ የተፈጨው በሶ ነው፤ ተነክሮ የበቀለው ደግሞ ብቅል ነው። እህሉ አንድ ሲሆን ስሙን የለዋወጠው የተሠራበት ሥራ ነው። ቆሎ ከመቁላት፣ ንፍሮ ከመንፈር፣ ብቅል ከመብቀል የወጡ ናቸውና ስሙን የሰማ ሰው የአሠራሩን ግማሽ እንደ ሰማ ይቆጠራል።

የዚህ ንግግር መነሻ ይኸው ነው። የምግብና የመጠጥ ስም የሥራ መዝገብ ነው፤ መዝገቡንም ለቋንቋ ሊቃውንት ብቻ መተው ለመሐንዲስ አይበጀውም።

ከማዕድ ስሞች ብዙዎቹ ከግሥ የተወለዱ ናቸው። ክትፎ ከተከተፈ፣ ጥብስ ከተጠበሰ፣ ፍርፍር ከተፈረፈረ፣ ፍትፍት ከተፈተፈተ ነገር ተሰይመዋል። ድርቆሽ የደረቀ እንጀራ ነው፤ አነባበሮ አንዱ በሌላው ላይ የተነባበረ ነው፤ እርጎ የረጋ ወተት ነው፤ ብርዝም በውሃ የተበረዘ ማር ነው። ቁርስ እንኳ ስሙን ያገኘው ከጧቱ ሰዓት ሳይሆን ከመቁረስ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ብቅል ሊታሰብበት ይገባል። ገብሱ ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ በቅጠል ተሸፍኖ እስኪያጎነቁል ይቆያል፤ ከዚያም ደርቆ ይፈጫል። እህሉ በሚበቅልበት ጊዜ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጡ ኢንዛይሞች እንደሚያዳብር የዛሬው ሳይንስ ያስረዳል፤ ጠላውንም ቢራውንም የሚያፈላው ይህ ስኳር ነው። የጥንት ጠማቂዎች ኢንዛይም የሚባል ነገር አልሰሙም ነበር። ሆኖም የነገሩ ቁልፍ መብቀሉ መሆኑን ዐውቀው ስሙን በዚያው አወጡለት። ዘመናዊው ኢንዱስትሪ በመጣ ጊዜም ሌላ ቃል መዋስ አላስፈለገም፤ በአሰላ የተቋቋመው ፋብሪካ የብቅል ፋብሪካ ተብሎ ተጠራ፤ የቢራውም ሥራ ጠመቃ እንደ ተባለ ቀረ።

ቅቤን ማንጠር የሚለው አነጋገርም እንዲሁ ነው። በእሳት አቅልጦ ጥሩውን ከአተላው መለየት ማንጠር ይባላል፤ በወርቅና በብር ሥራ የሚተዳደረውም ሰው ከዚሁ ግሥ አንጥረኛ ተብሏል። የኬሚስትሪ መጻሕፍት በአማርኛ በተዘጋጁ ጊዜ ወደ ሌላ የማይከፈለውን መሠረታዊ ነገር ንጥረ ነገር ብለው ሰየሙት። የቅቤ ድስት፣ የአንጥረኛ ወናፍና የላቦራቶሪ ብልቃጥ በአንድ ግሥ ተያያዙ ማለት ነው። ተማሪው ቃሉን ከመማሩ በፊት ግሡን ከእናቱ ምድጃ አጠገብ ያውቀው ስለ ነበር ለመረዳት አልተቸገረም።

ስም የመጣበትንም መንገድ ይዞ ይኖራል። ሻይ በቻይና ምድር በብዙው አገር ቻ ይባላል፤ በየብስ ተጉዞ በፋርስ ቻይ፣ በዐረብ ሻይ ተባለ፤ ወደ ኢትዮጵያም በዚሁ ስም ደረሰ። የፉጂያን ጠረፍ ሰዎች ግን ቴ ይሉታልና ከእነርሱ የገዙት የሆላንድ መርከበኞች ወደ ምዕራብ አውሮፓ ያደረሱት በዚህኛው ስም ነው። ስኳር በሳንስክሪት መነሻው ጠጠር ማለት ነበር፤ ቃሉ በፋርስና በዐረብ በኩል ሲያልፍ ጠጠርነቱ ተረስቶ ጣፋጭነቱ ቀረ። ብርቱካን የፖርቱጋል ነጋዴዎችን አገር ስም በዐረብኛ አፍ ይዞ የመጣ ነው። ከአሜሪካ ምድር የተገኘው በቆሎም በአንዳንድ የአገራችን ክፍል የባሕር ማሽላ መባሉ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይመሰክራል።

አረቄ መንገዱንም ሥራውንም በአንድ ቃል ያሳያል። በዐረብኛ ዐረቅ ላብ ማለት ነው። ከሚፈላው ማሰሮ የተነሣው እንፋሎት በቧንቧው ተጉዞ በውሃ ወደ ቀዘቀዘው ዕቃ ሲደርስ ጠብ ጠብ እያለ የሚወርደውን ላየ ሰው ስሙ ማብራሪያ አያሻውም። አልኮል ደግሞ አል ኩሕል ከሚለው ዐረብኛ የመጣ ሲሆን ይኸውም ሴቶች ዐይናቸውን የሚኳሉበት የላመ ዱቄት ነው። የአውሮፓ ኬሚስቶች ቃሉን ወስደው መጀመሪያ ለማንኛውም የላመ ዱቄት፣ በኋላም ለነጠረው የወይን መንፈስ አዋሉት። አማርኛ ግን ኩል ሲል እስከ ዛሬ የጥንቱን ትርጉም ጠብቋል።

ከኢጣሊያኖች የተወረሱትም ቃላት የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ፉርኖ በኢጣሊያንኛ ምድጃ ነው፤ በእኛ አገር ግን የመሣሪያው ስም ወደ ነጩ ዱቄትና ወደ ዳቦው ተዛወረ። ማኪያቶ ነጠብጣብ ያረፈበት ማለት ሲሆን ነጠብጣቡ በቡናው ላይ ጠብ የምትለው ወተት ናት።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች የቡና ስም ከካፋ የመጣ ነው እየተባለ ይነገራል። ነገሩ ለጆሮ ይጥማል፤ ዳሩ ግን አብዛኞቹ የቋንቋ አጥኚዎች የሚከተሉት ሌላ መንገድ ነው። ቃሉ ከዐረብኛው ቀህዋ ወደ ቱርክ፣ ከቱርክ ወደ አውሮፓ ተሻገረ፤ ቀህዋም ቀድሞ የወይን ጠጅ መጠሪያ ሆኖ ያገለግል ነበር። ይህ የካፋን ክብር አይቀንስም። የዐረቢካ ቡና መገኛ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን መሆኑን በዚያ ሳይተከል የሚበቅለው ቡና ይመሰክራል፤ ቡና የሚለውም ቃል በአማርኛና በኦሮምኛ ቡና፣ በካፊኛ ቡኖ፣ በዐረብኛ ቡን እየተባለ በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ ይኖራል። እውነተኛ ማስረጃ ያለው ሰው የድምፅ መመሳሰልን ድጋፍ አይሻም።

ስም ዋጋ እንዳለው የሚጠራጠር ቢኖር የ1997 ዓ.ም.ን ነገር ያስታውስ። በዚያ ዓመት የኢትዮጵያ መንግሥት ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የተባሉትን የቡና ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ለአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት አመለከተ። የአገሩ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ክርክሩም ከቀጠለ በኋላ በ1999 ዓ.ም. ስታርባክስ ከኢትዮጵያ ጋር ስምምነት ፈረመ። ክርክሩ የተካሄደው በፍሬው ላይ ሳይሆን በስሙ ላይ ነበር።

በውጭ ገበያ ስምን ማስከበር እንዲህ ካደከመ፣ በአገር ውስጥ ያለ ገዥ የሚጠፋው የሥራ ቃል ይበልጥ ሊያሳስብ ይገባል። ስለ እንጀራ መሣሪያ የሚያስብ መሐንዲስ አብሲት የሚለውን ቃል ካላወቀ፣ ከቦካው ሊጥ ጥቂቱ ተቀንሶ በፈላ ውሃ ተገንፍቶ ወደ ሊጡ የሚመለስበትን ደረጃ ሳያይ ሊያልፈው ይችላል። ሥራውን ደረጃ ሁለት ብሎ ቢጽፈው ደግሞ ስሕተቱን ልታርመው የምትችለው ጋጋሪ ምን እንደ ተባለ አይገባትም። እርሾ፣ ጥንስስ፣ ድፍድፍ፣ ማጥለል፣ ማብላላት፣ መፈተግ የሚባሉት ሁሉ ለረጅም ዘመን በሥራ የተፈተኑ የቴክኒክ ቃላት ናቸው።

ስለዚህ አዲስ ፋብሪካ የሚተክል፣ የደረጃ መግለጫ የሚያረቅቅ ወይም የሙያ መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ለባዕዱ ቃል አቻ ከመፍጠሩ በፊት ወደ ማድ ቤት ገብቶ ቢጠይቅ መልካም ነው። ከዚያ የሚፈልገው ቃል የታጣ እንደ ሆነ ይዋስ፤ መዋስ ነውር አለመሆኑን ሻይና ስኳር ያስተምራሉ። ነውሩ በራስ ጎተራ ያለውን እህል ሳያዩ ብድር መውጣት ነው።