ሳሎን ምንጣፍ ላይ ቆሜ የተንቀጠቀጥኩ ቀን
(በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ ያደረግኩት ንግግር)

ትምህርቴ አሥረኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ ስለ ምርምር ላወራ ስነሳ ብትስቁም አልቀየምም።

የምሠራው ዱባይ ማሪና፣ 34ኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ ቅዳሜ የማዳም ልጅ ያንን ዓይን የሚሸፍን ትልቅ መነጽር፣ ቨርቹዋል ሪያሊቲ የሚሉትን፣ አጠለቀልኝ። ከሕንፃ ጫፍ ወደ ባዶ የወጣ ሳንቃ ታየኝ። «ሂጂ!» አለኝ። የቆምኩት ጠዋት ራሴ የጠረግኩት ምንጣፍ ላይ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ጉልበቴ ከዳኝ፣ ጮህኩ። ልጁ በሳቅ ፈረሰ።

በነጋታው መስኮቱ ላይ ወጥቼ፣ ግማሽ ሰውነቴ ውጭ ሆኖ፣ መስታወት ስወለውል ምንም አልመሰለኝም። ይሄ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ሌሊት በስልኬ ስፈልግ መልሱን አገኘሁ።

እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ የሚገኘው የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አሳትመዋል። ሰውየው መነጽሩን አድርጎ፣ መሃሉ 6 ሜትር ገደማ የሚወርድ ጉድጓድ ያለበት ክፍል ይገባል። ጉድጓዱ በእውን የለም። የልብ ምቱ ሲለካ ግን ይፈጥናል። እግሩ ሥር 4 ሴንቲሜትር የማትሞላ እውነተኛ እንጨት አድርገው ጫፏን ሲነካ ደግሞ ይብስበታል። አእምሮ «ውሸት ነው» ቢልም ሰውነት አይሰማም ማለት ነው።

እኔን የያዘኝ ሌላው ውጤት ነው። ያንኑ ሰው ደጋግመው ሲያስገቡት ፍርሃቱ ጭራሽ ባይጠፋም እየቀነሰ ይሄዳል። ከፍታ የሚፈሩ ሰዎችም በዚሁ መነጽር ይታከማሉ። ለእነሱ መድኃኒት ነው፤ የመነጽር ጉድጓድ ማንንም አይገድልም።

የእኔ መስኮትስ? ስመጣ የመጀመሪያ ቀን ክፈፉን ይዤ «ማርያም ማርያም» ስል ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ «ጎበዝ ሆንኩ» አልኩ። ለካ ሰውነቴ ማስጠንቀቁን ትቶ ኖሯል! ፎቁ እንደሆነ ያው 34 ነው።

ሲንጋፖር ውስጥ የቤት ሠራተኞች ከፎቅ እየወደቁ ሞተዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 መንግሥት ሕግ አወጣ፦ ከምድር ቤት በላይ ያለ መስኮት በውጭ በኩል የሚጸዳው ፍርግርጉ ተቆልፎ፣ አሠሪ ወይም ሌላ ትልቅ ሰው አጠገብ ቆሞ ሲቆጣጠር ብቻ ነው። እዚህ ማሪና ደግሞ የውጭውን መስታወት በገመድ ታስረው የሚያጸዱ፣ ለዚሁ የሠለጠኑ ሰዎች አሉ። በየጊዜው ሲወርዱ ታዩአቸው የለ?

ለማዳም ነገርኳት። ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። በአራተኛው ለሕንፃው ቢሮ ደውላ ጠየቀች። ያልኳት ይቺን ነው፦ «ማዳም፣ ሚን ጁዋ በስ፤ በራ ኸጠር።» ከውስጥ ብቻ፣ ውጭው አደጋ ነው ማለት ነው። እዚያ ቆማችሁ በድንጋጤ አፋችሁ እንዳይተሳሰር እዚህ ብንለማመደው ይሻላል። አዲስ የመጣችሁ ልጆች፣ ሻዩ ሳይቀርብ በፊት ተነሱና ከእኔ ጋር ጮክ ብላችሁ በሉት።