አንድ ጥናት በአራት በር

(በተማሪዎች ማኅበር የሐሙስ ማታ ውይይት ላይ የተነገረ)




ዛሬ ማታ እንድንናገርበት የተሰጠን አርእስት «የምርምር ገንዘብ አጠያየቅ» የሚል ነው። የማኅበሩ ጸሐፊ አርእስቱን ሲሰጠን የማመልከቻ አሞላል እንድናስተምራችሁ አስቦ ይሆናል። እኛ ግን ማመልከቻ በመሙላት የደከምን እንጂ የተካንን አይደለንም። ስለዚህ የምንነግራችሁ የደረሰብንንና ከደረሰብን የተማርነውን ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከብርካ ነው። ከጅግጅጋ ወደ ሐርሺን በሚወስደው ሜዳ ወንዝም ምንጭም የሌለው ሕዝብ የዝናቡን ጎርፍ የሚያጠራቅመው በሲሚንቶ በተለሰነ ጉድጓድ ነው፤ ይኸውም ብርካ ይባላል። ብርካው ሲሞላ ሰውም ከብትም ይጠጣል። ሲደርቅ ውኃ በቦቴ መኪና መጥቶ ይሸጣል፤ መግዣ ያጣ ደግሞ ግመሉንና በጉን እየነዳ ይሰደዳል። አንዳንዱ ሰው ብርካውን በእሾህ ቅርንጫፍና በቆርቆሮ ይከድነዋል፤ አንዳንዱ ክፍቱን ይተወዋል። እኛም አምስት ተማሪዎች በአንድ መምህራችን መሪነት አንድ ነገር ለመለካት ተነሣን። የተከደነ ብርካ ካልተከደነው ስንት ቀን ይበልጣል? ከሚጠፋው ውኃ ስንቱ በፀሐይ ይተንናል? ስንቱስ በስንጥቁ ይሰርጋል? ለዚህ የሚያስፈልገው የውኃ መለኪያ ዘንግ፣ የዝናብና የትነት መለኪያ፣ የመኪና ኪራይና ጥቂት የውሎ አበል ነው። የጠየቅነው ገንዘብ ትልቅ አልነበረም።

በጅግጅጋና በሽንሌ በኩል የክረምቱ ዝናብ፣ ሶማሌው «ከራን» የሚለው፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም ድረስ እንደሚዘንብ ታውቃላችሁ። እንግዲህ ልኬቱ መጀመር ያለበት ብርካው ሞልቶ ዝናቡ ሲያቆም፣ ማለትም በመስከረም መጨረሻ ነው። ይህን አስበን ማመልከቻችንን በመጋቢት ጀመርን። ስድስት ወር ይበቃል ብለን ነበር።

ፖርታል የሚሉት ቃል ትርጉሙ በር እንደ ሆነ ከመምህራችን ሰማን። እኛም አራት በር ማንኳኳት ነበረብን። ሁለቱ ገንዘብ የሚሰጡ መሥሪያ ቤቶች ናቸው፤ ሦስተኛው የጥናቱን ሐሳብ የሚመዘግብ፣ አራተኛው ሰው ስለምንጠይቅ የሥነ ምግባር ፈቃድ የሚሰጥ ነው። አራቱም የመንግሥት ናቸው። ነገሩ የአንድ ቢሮ ጥፋት ስላልሆነ ስማቸውን አንጠራም።

አራቱም ዘንድ አዲስ መዝገብ መክፈት፣ አዲስ የይለፍ ቃል ማውጣትና በስልክ የሚላክ ቁጥር መጠበቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው በር ጥናቱን በአሥር ገጽ ጽፋችሁ አምጡ አለን። ሁለተኛው ያንኑ ሐሳብ በትንንሽ ሣጥኖች ከፋፍላችሁ ጻፉ፣ ሣጥኑ ከሞላ የቀረው ይቆረጣል አለን። ሦስተኛው በጀቱን በብር በየወሩ፣ አራተኛው በየሥራው ክፍል አደላድሉ አሉን። የእያንዳንዳችንን ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የትምህርት ደረጃና አድራሻ አራቱም ጠየቁ። አምስት ሰው በአራት በር ሃያ ጊዜ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ስንጽፍ መብራት ይጠፋል፤ መብራት ሲመጣ መረቡ ይጠፋል፤ መረቡ ሲመለስ ገጹ «ጊዜዎ አልፏል፣ እንደገና ይግቡ» ይላል፤ የጻፍነውም ጠፍቶ እናገኘዋለን።

ከሁሉ ይልቅ የደነቀን የማኅተሙ ነገር ነው። በኮምፒዩተር የሚሞላው ማመልከቻ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ያስፈልገዋል። ደብዳቤው በኮምፒዩተር ይጻፋል፤ በወረቀት ይታተማል፤ ይፈረማል፤ ማኅተም ይመታበታል፤ ከዚያ ፎቶ ተነሥቶ ተመልሶ ወደ ኮምፒዩተር ይገባል። ፎቶው ከተፈቀደው መጠን ሲበልጥ እናሳንሰዋለን፤ ሲያንስ ማኅተሙ አይነበብም ተብሎ ይመለሳል።

ቀጥሎ የመጣው የስም ጉዳይ ነው። ከአምስታችን አንዱን ሐሰን እንበለው። በሶማልኛ የላቲን አጻጻፍ «ሐ» የሚለው ድምፅ «ኤክስ» በምትባለው ፊደል፣ «ዐ» የሚለው ደግሞ «ሲ» በምትባለው ፊደል ይጻፋል። ስለዚህ የጓደኛችን ስም በቀበሌው መታወቂያ በኤክስ ይጀምራል፤ በትምህርት ማስረጃው እንግሊዝኛው እንደሚወደው በኤች ይጀምራል። የሰው ዓይን ሁለቱን አይቶ «አንድ ሰው ነው» ይላል። መዝገቡ ግን ሁለት ሰው ናቸው ብሎ «መረጃው አይገጥምም» የሚል መልስ ሰጠን። ከዚህም በቀር ሣጥኑ «የቤተሰብ ስም» ይጠይቃል። የአማራውም፣ የሶማሌውም፣ የኦሮሞውም ልጅ በአባቱና በአያቱ ስም ይጠራል እንጂ እንደ አውሮጳ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም። አንደኛው በር የአባቱን ስም ተቀበለ፤ ሌላው የአያቱን ካልሆነ አለ። ሐሰን ሐሰን መሆኑን ለማስረዳት ደብዳቤ ተጽፎ ሦስት ሳምንት ፈጀ።

በመጨረሻም የሰዓቱ ነገር አለ። ከገንዘብ ሰጪዎቹ የአንደኛው ማስታወቂያ ማመልከቻ የሚዘጋው «በ12:00 ሰዓት» ነው ይላል። እኛ እንዳገራችን ሰው ቆጥረን ማታ 12 ሰዓት መሰለን። በመጨረሻው ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሁሉንም አዘጋጅተን ብንገባ በሩ ተዘግቷል። ማሽኑ የፈረንጁን ሰዓት ቆጥሮ በቀትር፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ዘግቶት ኖሯል። ስልክ ደወልን፤ ደብዳቤ ጻፍን፤ መልስ አልመጣም።

እዚህ ላይ እውነቱን ለመናገር የራሳችንም ጥፋት ነበረበት። እስከ መጨረሻው ቀን መቆየት አልነበረብንም። በሌላው በር የሰጠነው በጀትም ድምሩ የተሳሳተ ስለ ነበር አንድ ጊዜ በትክክል ተመልሶልናል። ለሚደርስብን ሁሉ ማሽኑን ብንወቅስ ልክ አይሆንም።

ይሁን እንጂ ከዚህ የተነሣ የሆነውን ስሙ። አንደኛው ዙር በሰዓቱ ምክንያት አመለጠን። ሁለተኛው መሥሪያ ቤት በየካቲት ፈቀደልን። በየካቲት ግን ያየናቸው ብርካዎች ደርቀው ነበር። የሚቀጥለው ከራን የሚጀምረው በሐምሌ ነው፤ የመንግሥት የበጀት ዓመት ደግሞ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል፤ በዚያ ቀን ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። መለኪያዎቹን ገዛን፤ የቀረውን መለስን። ወደ መንደሩ ሄደን ይህን ስናስረዳ አንድ ሽማግሌ እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ አምና ስትመጡ ውኃ ነበረ፣ መለኪያ አልነበራችሁም። ዘንድሮ መለኪያ ይዛችሁ መጣችሁ፣ ውኃው የለም። ከማን ጋር ነው የምትማከሩት?» መልስ አልነበረንም። ከ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ አምስት የዝናብ ወራት በተከታታይ ባጠሩ ጊዜ እኚህ ሰው ከብታቸውን ያጡ ናቸው። የተከደነ ብርካ ስንት ቀን እንደሚጨምር በቁጥር ማወቅ ለእሳቸው የጉባኤ ወሬ አይደለም።

ታዲያ በሮቹ ለምን በዙ? ማንም እኛን ለማስቸገር ብሎ እንዳልሠራቸው እናምናለን። ቀድሞ ጉዳይ ያለው ሰው ከጅግጅጋ ተነሥቶ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ላይ ደጅ መጥናት ነበረበት። መረቡ ይህን መንገድ አሳጥሯል፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ነገር ግን እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱን ደጅ ይዞ ወደ መረቡ ገባ። መሥሪያ ቤቶቹም ራሳቸው ሲከፈሉና ሲዋሐዱ ቆይተዋል። በ2011 ዓ.ም. የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴርና የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ለየብቻ ቆሙ፤ በ2014 ዓ.ም. የፊተኛው ቀርቶ ከፍተኛ ትምህርት ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ተመለሰ። ቤት በተከፈለ ቁጥር ደጅ ይጨመራል፤ ቤት ሲዋሐድ ግን አሮጌውን ደጅ የሚያነሣው ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ይህ የኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካም እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱ ማመልከቻ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1999 የመንግሥት ርዳታ አጠያየቅ እንዲቃለል ሕግ ወጣ፤ በ2003 ለ26 መሥሪያ ቤቶች የሚያገለግል «ግራንትስ ዶት ጎቭ» የተባለ አንድ በር ተከፈተ። ሐሳቡ መልካም ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን ቅጹ የሚሠራው በአንድ ዓይነት ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ስለ ነበር ሌላ ዓይነት ያለው ተመራማሪ ተቸገረ። በ2009 የኢኮኖሚ ማነቃቂያ ሕግ ወጥቶ አመልካች ሲበዛ በሩ ተጨናንቆ፣ መሥሪያ ቤቶቹ ሌላ መቀበያ መንገድ እንዲያዘጋጁ ታዘዙ። የሳይንስ ፋውንዴሽኑም «ፋስትሌን» የሚባለውን የራሱን በር እስከ 2023 ድረስ ይዞ ቆየ። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ብዙ ደካማ በሮችን በአንድ ደካማ በር መለወጥ አይጠቅምም። ሁለተኛ፣ ከበሩ በፊት መሥሪያ ቤቶቹ በጥያቄው መስማማት አለባቸው። አንድ ዓይነት ጥያቄ ከተጠየቀ በሩ ሁለትም ቢሆን አመልካቹ የጻፈውን ይዞ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል።

በአገራችንም ለዚህ መሠረቱ ተጥሏል። በ2012 ዓ.ም. «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለው ስልት ጸደቀ። በ2015 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1284 የፋይዳ መታወቂያ ሕግ ሆነ፤ በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጣ። በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የብዙ መሥሪያ ቤቶችን አገልግሎት በአንድ ጣራ ሥር የሚሰጠው ማዕከል ሲከፈት ስሙ «መሶብ» ተባለ። ስሙን የመረጠው ሰው ነገሩ ገብቶታል፤ በአንድ መሶብ ዙሪያ የተቀመጠ ሰው እጁን አራት ጊዜ አይታጠብም። ነጋዴው ወደዚህ መሶብ ከተጠራ ተመራማሪው ለምን ይቀራል?

ስለዚህ ማኅበራችን በደብዳቤ እንዲያቀርብ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

1ኛ. ስም፣ ትምህርትና አድራሻ አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፍ። መሥሪያ ቤቶቹም በባለቤቱ ፈቃድ በፋይዳ ቁጥር ይቀባበሉት። ለተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው «ኦርኪድ» የሚባለው ነፃ የዓለም ቁጥርም አለ፤ ስሙ በኤክስ ተጻፈ በኤች ቁጥሩ አይለወጥም።

2ኛ. የስም ሣጥኑ የራስ፣ የአባትና የአያት ተብሎ ይዘጋጅ፤ አጻጻፉም የባለቤቱ ይሁን።

3ኛ. የመዝጊያው ቀንና ሰዓት በሁለቱም አቆጣጠር ይገለጽ፤ «ከቀኑ 6 ሰዓት» ተብሎ በቃል ይጻፍ።

4ኛ. ቅጹን ያለ መረብ ሞልቶ በኋላ መላክ ይቻል፤ ለላከም ቁጥርና ቀን ያለበት ደረሰኝ ይሰጠው። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ በጅግጅጋ ሁከት በተነሣ ጊዜ በክልሉ፣ በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻም በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት መቋረጡን አንረሳም። መረብ በተቋረጠበት አገር የመዝጊያው ቀን በሕግ ይራዘም።

5ኛ. ዝናብን ለሚከተል ጥናት ገንዘቡ ሰኔ 30ን ተሻግሮ እንዲሠራ ይፈቀድ።

ለራሳችንም የምንጠይቀው አለ። ሥርዓቱ እስኪታረም ድረስ እጃችንን አጣጥፈን ልንቀመጥ አይገባንም። ማኅበሩ በየሳምንቱ አንድ ማታ ጠረጴዛ ይዘርጋ፤ ከዚህ ቀደም ያመለከተ ላላመለከተው ያሳይ። የትኛው በር ምን እንደሚጠይቅ፣ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ ስሕተቱ እንዴት እንደሚታረም በአንድ ደብተር እንጻፍ። በዚህ ዓመት የወደቅንበት ጉድጓድ ላይ የሚመጣው ዓመት ተማሪ እንደገና ቢወድቅ ጥፋቱ የመሥሪያ ቤቶቹ ብቻ አይሆንም። እኛ አምስታችን ያለንን ሁሉ፣ የተመለሰብንን በጀት ጭምር፣ ለዚያ ደብተር ሰጥተናል።

ያገራችን ሰው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል። ዛሬ ያለው የመንግሥት ድር ገና አላበረም፤ ስለዚህ የሚያስረው ተማሪውንና መምህሩን ሆኗል። ይበር ዘንድ እንጻፍ፣ እንጠይቅ፣ እንተባበር። መለኪያዎቹ በሣጥናቸው ተቀምጠዋል። ከራን በሐምሌ ይመጣል፤ በዚያን ጊዜ ገንዘብ ቢኖርም ባይኖርም፣ ቢያንስ በሁለት ብርካ ላይ ዘንጉን እንተክላለን። ለሽማግሌው የሰጠነው ቃል ይህ ነው፤ ከእናንተም መካከል አብሮን የሚሄድ ቢኖር በደስታ እንቀበላለን።